ጋቢ የለበሰው ወለል

አንድ ወለል ታሞብኝ፣ ጋቢ አልብሼ፣ ሶስት ቀን አስተኝቼ አድኜዋለሁ።

ይኸው፣ ገና ከመጀመሪያው አላመናችሁኝም። አውቃለሁ። መርካቶ ውስጥም ያመነኝ የለም፤ ያውም መርካቶ አሮጌ ጎማ ጫማ ሲሆን፣ በርሜል ምድጃ ሲሆን ሰው በአይኑ እያየ የሚውልበት ሰፈር ነው። ግዴለም። እኔ እንደሆነው አወራለሁ፣ እናንተ እንደፈለጋችሁ ስሙ።

እኔ የወለል ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት ማንበብና መጻፍ አስተማረኝ፣ የቀረውን ወለል ላይ ተንበርክኬ ነው የተማርኩት። ጉልበቴን ብታዩት የግመል ነው የሚመስለው። የጀመርኩት በሰም ነው። በአንድ እግሬ ብሩሽ ረግጬ፣ ወገቤን እያወዛወዝኩ የሰው ሳሎን እወለውል ነበር። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ላይ እኔ ያልጨፈርኩበት ሳሎን ካለ ባለቤቱ ድሃ ነው ማለት ነው። ከሰም ወደ ቫርኒሽ፣ ከቫርኒሽ ወደ ቀለም አደግኩ። የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» ይለኛል። ሊያሾፉብኝ ብለው ነው ያወጡልኝ፤ እኔ ግን ወደድኩት።

አንድ ጉድለት አለብኝ፦ ቁጭ ማለት አልችልም። ሚስቴ «ያ ወንበር ሚስማር አለው እንዴ?» ትለኛለች። እጄ ስራ ከፈታ ያሳክከኛል። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ወለሉ። ከሸማ ተራ ጀርባ፣ በጠባቡ መግቢያ ገብታችሁ በግራ በኩል አንድ አሮጌ ቤት አለ። ወለሉ የሸክላ ንጣፍ ነው፤ እንደ ድስት ከጭቃ ተሰርቶ በእሳት የተጠበሰ፣ ወፍራም፣ ቀይ። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት አንዲት ባልቴት ናቸው። ከወሎ በልጅነታቸው የመጡ፣ እድሜያቸውን ሙሉ ነጠላና ጋቢ ሲሸጡ የኖሩ። እትዬ ነው የምላቸው፣ እናንተም እትዬ በሏቸው።

በእኛ ሰፈር በዓል ሲደርስ ቤት ይታደሳል። ግድግዳው ቀለም ይቀባል፣ ወለሉ ሰም ይጠጣል። ችግሩ ምንድነው፣ የአምናውን ማንም አያነሳም። በላዩ ላይ ነው። የአምናው በካቻምናው ላይ፣ የዘንድሮው በአምናው ላይ። በዓል ነው፣ ማን ጊዜ አለው? የእትዬ ወለል ስንት አረፋ፣ ስንት ኢድ እንደተሸከመ አላህ ነው የሚያውቀው።

የዛሬ ስምንት አመት ለአረፋ ዋዜማ እኔ ተጠራሁ። በሰሙ ላይ ቫርኒሽ ደረብኩበት። ቫርኒሽ በሰም ላይ እንደማይቀባ ያኔ አላውቅም ነበር፤ አውቄም ቢሆን ቸኩዬ ነበር። ሲያልቅ ግን ወለሉ እንደ መስታወት ሆነ። ጎንበስ ብዬ ጥርሴን አየሁበት።

«እትዬ፣ ይሄ እስከ ቂያማ ቀን አይለቅም!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ኢንሻ አላህ በል» አሉኝ።

አላልኩም። ይኸው ፍዳዬ።

*

ባለፈው አመት፣ ለአረፋ አስራ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጃቸው ደወለልኝ። ጨርቅ በጅምላ የሚሸጥ፣ እንደ በር የረዘመ፣ ሲተነፍስ እንኳን የሚቸኩል ሰው ነው። ቁጥሬን ከቀለም ሱቅ ነው ያገኘው። እኔ ያንን ቫርኒሽ ስቀባ እሱ ለንግድ ደሴ ነበር፣ ስለዚህ አያውቀኝም።

ስገባ እትዬ ወንበር ላይ ናቸው፣ የእጅ አንጓቸው በጨርቅ ታስሯል። ለሶላት ውዱ አድርገው፣ በእርጥብ እግር ወደ መስገጃቸው ሲሄዱ ወድቀው ነው። ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው። በፊተኛው ዳሌያቸው ለትንሽ ተርፏል።

ልጁ በጫማው ጫፍ ወለሉን ገፋ ገፋ አደረገው። ቫርኒሹ እዚህ ተላጥቷል፣ እዚያ ቢጫ ሆኗል፣ መሀሉ እንደ ሳሙና ያሟልጫል።

«ማነው ይሄን የሰራው አህያ?» አለ።

«ዘንድሮ እኮ ባለሙያ ነኝ ባይ በዝቷል ወንድሜ» አልኩ።

«ቫርኒሽ በሰም ላይ ይቀባል እንዴ?»

«ይቀባል እንዴ!» አልኩ፣ ራሴን በሀዘን እየነቀነቅኩ። «እንዲህ አይነቱን ሰው ብሩሽ መንጠቅ ነው።»

እትዬ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ዚክር መስሎኝ አለፍኩት።

ልጁ ነገሩን አሳጠረው። ራቅ ያለ ቦታ ኮንዶሚኒየም አለው፣ አራተኛ ፎቅ። ወለሉ እስከ አረፋ ማንሸራተት ካላቆመ እናቱን ይወስዳል፣ ቤቱም ይዘጋል። «ሶስተኛ ጊዜ ወድቃ ላገኛት አልፈልግም» አለ፣ የታሰረ እጃቸውን እያየ። ክፉ ልጅ አይደለም። ለዚህ ነው ነገሩ የከበደኝ፤ ክፉ ቢሆን እጣላው ነበር።

እሱ ሲወጣ እትዬ እንዲህ አሉኝ፦ «አራተኛ ፎቅ ላይ የማውቀው ሰው የለም። እዚህ በሬን ከፍቼ ብቀመጥ አስር ሰው ሰላም ይለኛል። እዚያ ማን ሊለኝ ነው? ወፍ?»

እኔ የቀባሁት ቫርኒሽ ሴትዮዋን ከቤታቸው ሊያስወጣ ነው። ቁጭ በል ቢሉኝ እንኳን ያን ቀን የምቀመጥበት የለኝም።

*

በማግስቱ በስፓቱላ መፋቅ ጀመርኩ። ስፍቅ፣ ስፍቅ፣ ስፍቅ። ቫርኒሹ ሲነሳ ከስሩ ያለው ሰም እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ቀለም ማቅጠኛውን አኳራጅ አፈሰስኩበት፤ ሰሙ ሟሟና ሸክላው ውስጥ ጠልቆ ገባ፣ ባሰ። ቀለም ሱቁ በር ላይ የሚውሉት ሊቃውንት ተሰበሰቡ።

«ዶክተር፣ የባትሪ አሲድ ጨምርበት!» አለኝ አንዱ።

«አሲድ ሸክላ ይበላል።»

«ይብላ! ጾሙን ከሚያድር!»

ሰው በቸገረው ጊዜ ጆሮው ይሰፋል። ከበር ኋላ አንድ ንጣፍ ላይ ጠብታ ሞከርኩ። መጋጠሚያው ላይ ያለው ሲሚንቶ እንደ ቢራ አረፋ ደፈቀ። በውሃ አጥለቀለቅኩት፣ ያንን ምክር ለሰጠኝ ሰው እስካሁን ሰላምታ የምሰጠው በግማሽ እጄ ነው።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ሳሙና የሚቀቅሉ ሰዎች በርሜል አይቼ አውቃለሁ። ኮስቲክ ሶዳው በተንጠባጠበበት ሁሉ የበርሜሉ ቀለም እንደ ድንች ልጣጭ ተልጦ ይወድቃል። እዚያው አጠገብ ቆሜ ስንቴ አይቼዋለሁ፣ አእምሮዬ ግን ለክፉ ቀን አስቀምጦት ነው። ሶዳውን ገዛሁ፣ የላስቲክ ጓንት አጠለቅኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ እትዬን ግቢው ውስጥ ጥላ ስር አስቀመጥኩ። በውሃ ብቻ በጥብጬ ስቀባው ሩብ ሰአት ሳይሞላ ደርቆ ቁጭ። ምንም አልነካም። ቀጥሎ ከአናጢዎች ሰጋቱራ ለመንኩና ሶዳውን በሰጋቱራ አቦካሁት፣ ገንፎ አደረግኩት። ወለሉ ላይ በጣት ውፍረት ጋገርኩት፣ እንዳይደርቅ ደግሞ የሸቀጥ መጠቅለያ ላስቲክ አለበስኩት።

አሁን መጠበቅ ነው። ለእኔ ይሄ ነው መከራው። በየአስር ደቂቃው ጫፉን ገለጥ አደርጋለሁ።

«ድስት ነው እንዴ?» አሉኝ እትዬ ከግቢው። «ክዳኑ ቶሎ ቶሎ የሚነሳ ወጥ አይበስልም። ውጣና ተንቀሳቀስ!»

ወጣሁ። እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወርጄ ተመለስኩ። ደግሜ ወረድኩ። በሶስተኛው አንድ የታክሲ ረዳት «ጋሼ፣ ጠፍቶብዎት ነው ወይስ እየቆጠሩን ነው?» አለኝ። ተመልሼ ላስቲኩን ስገልጥ ቫርኒሹ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ተነስቷል!

በስፓቱላ ብቻ፣ ያለ ጉልበት አነሳሁት። ከቫርኒሹ ስር ሰም፣ ከሰሙ ስር ቀይ ቀለም፣ ከቀይ ቀለሙ ስር እንደገና ሰም። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። «ይሄ ቀይ ልጄ የተዳረበት አረፋ ነው» ይላሉ። «ያ ጠቆር ያለው ባሌ ራሱ የቀባው ነው፣ ሰነፍ ነበር፣ ጥጉን አልነካውም።» እውነትም ጥጉ አልተነካም። በሁለት ቀን ሁሉም አለቀ። በውሃ አጠብኩ፣ የሶዳውን ሀይል እንዲሰብር በአቼቶ አጠብኩ፣ ደግሜ በውሃ። ሸክላው ብቅ አለ፦ ሻካራ፣ ቀይ፣ ያለ ሀፍረት ራቁቱን።

እትዬ ባዶ እግራቸውን አሳረፉበት።

«ይይዛል» አሉ።

ወዳጆቼ፣ ያን ቀን መርካቶ ውስጥ ያላወራሁለት ሰው ቢኖር የተኛ ሰው ነው። ለልጁም ደወልኩ። «ወንድሜ፣ እናትህ የትም አይሄዱም። መጥተህ እይ!»

*

በማግስቱ መጣ። ተያይዘን ገባን።

ወለሉ ነጭ ነው።

ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ከዳር እስከ ዳር፣ ንጣፉም መጋጠሚያውም። በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው ቀይ ይሆናል፣ ሲደርቅ አይናችን እያየ ይነጣል። ሸክላ ጠጪ ነው፤ ያን ሁሉ ሶዳ ጠጥቶ ኖሮ ሲደርቅ ጨው አድርጎ ያወጣዋል።

«ሸበተ!» አለ በር ላይ የቆመ ጎረቤት። «ዶክተር፣ በአንድ ሌሊት አስረጀኸው!»

ልጁ አልሳቀም። የእናቱ ውስጥ እግር በዱቄቱ ደርቆ እንደተሰነጠቀ አየ፣ መስገጃቸውም ነጭ ሆኗል። «ደክመሃል፣ አመሰግናለሁ» አለኝ። ከስድብ የባሰ ነው። «ሀሙስ አይሱዙ ይዤ እመጣለሁ። እማዬ፣ እቃሽን አሰናጂ።»

እለቱ እሁድ ነበር።

አጠብኩ። ነጣ። አጠብኩ። ነጣ። ሰኞ ጠዋት ለአምስተኛ ጊዜ ሲነጣ ባልዲውን ትቼ ወጣሁና ዝም ብዬ መሄድ ጀመርኩ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። በሸማ ተራ አለፍኩ፣ ዞሬ በሸማ ተራ ተመለስኩ፣ ሰው ገፋሁ፣ ሰው ገፋኝ። «ዞር በል!» የሚል ጩኸት ሰምቼ ከአንድ ተሸካሚ ፊት ዘለልኩ። ሰውየው ጀርባው ላይ የነበረውን ኩንታል እፊቴ አወረደና ከትከሻው ጨርቁን አንስቶ አራገፈ። ወፍራም የጥጥ ጨርቅ። ላቡ ደርቆበት እንደ ካርታ ነጭ ነጭ መስመር ሰርቷል።

ጨው!

ላቡን ጨርቁ ጠጣው፣ ውሃው በነነ፣ ጨው ጨርቁ ላይ ቀረ። የሰውየው ትከሻ ግን ንጹህ ነው። ወለሉ እያላበ ነው፣ እኔ ደግሞ ላቡን እያጠብኩ መልሼ አጠጣዋለሁ!

ተሸካሚውን አቀፍኩት። «ምን ሆነሃል ሰውዬ?» ብሎ ገፈተረኝ። መብቱ ነው።

ወፍራም፣ ጠጪ ጥጥ ከየት ይመጣል? የቆምኩት ሸማ ተራ መሀል። የእትዬ የድሮ የስራ ጎረቤት ወደሆኑት ጋቢ ሻጭ ገባሁ። ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ።

«ጋሼ፣ አሮጌ ጋቢ ካለዎት ያውሱኝ። ያለዎትን ሁሉ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ማን ታመመ?»

«ወለል።»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩኝ። «ስንት ቀን ሆነህ እንቅልፍ ካጣህ?» አሉኝ። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ሳስረዳቸው ሳቁ። የእትዬን ስም ስጠራ ግን ሳቃቸውን አቆሙ። እቤታቸው ያለውን፣ ሱቃቸው ውስጥ የተበላሸውን፣ የራሳቸውን ጭምር ሰጡኝ። ወሬው ተሰማና ጎረቤት ይዞ መጣ። ለቅሶ የሚለበስ ጋቢ፣ ቤተክርስቲያን የሚሳለሙበት፣ ልጅ የታዘለበት፣ መስጊድ ደርሶ የመጣ። አንዷ ሴትዮ የባሏን አመጣች፤ «ተኝቷል፣ አልነገርኩትም» አለች።

ንጹህ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ፣ ጠምዝዤ፣ ከንጣፉ ጋር አየር እንዳይገባ በእጄ እየተጫንኩ ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ አለበስኩት። ቤቱ ሙሉ የተኛ ሰው ያለበት ይመስል ነበር። እንዲደርቅ መተው፣ ሲደርቅ ማንሳት፣ ጨውን አጥቦ እንደገና ማልበስ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ።

ማክሰኞ ከሰአት ግቢ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ስንቆራጠጥ እትዬ ከጥላቸው ስር ጠሩኝ።

«አንተ አህያ» አሉኝ።

«አቤት እትዬ?»

«ልጄ ያለው አይደለም እንዴ? ቫርኒሹን ማን ቀባው?»

የምቆምበት ጠፋኝ። «ያውቁ ነበር?»

«እስከ ቂያማ አይለቅም ያልከኝን ልረሳ? ጥርስህን ያየህበትን?»

«ታዲያ ለልጅዎ ለምን አልነገሩትም?»

መቁጠሪያቸውን ሶስት አራት ፍሬ ገፉ። «ብነግረው ሌላ ባለሙያ ያመጣ ነበር። ሌላው ሞክሮ ሲያቅተው ይሄዳል። አንተ ግን ጥፋተኛ ነህ፣ የትም አትሄድም። አብሽር፣ አሁን ሂድና ጋቢውን እይ።»

ሄድኩና ጋቢውን ገለጥኩ።

*

ሀሙስ ጠዋት አይሱዙው መግቢያው ላይ ቆመ፤ ወደ ውስጥ አይገባም፣ መንገዱ ጠባብ ነው። ልጁ ከሾፌሩ ጋር መጣ። ጎረቤቱ በሙሉ በር ላይ ነው። የመጨረሻዎቹን ጋቢዎች አነሳሁ። እንደ ደረቀ ቆዳ ግግር ብለዋል፣ ጨዉ ከላያቸው ይረግፋል።

ከስራቸው ወለሉ ቀይ ነው። ጠበቅን። አልነጣም። መስኮቱን ከፍተን ፀሀይ አስገባንበት። አልነጣም።

«የደረቀማ ሁሉም ይይዛል» አለ ልጁ። «የምትወድቀው ስትረጥብ ነው።»

እውነቱን ነው። እትዬ ተነሱ፣ ማሰሮአቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ዞሩ፣ ውሃ ሲንቦጫቦጭ ሰማን። ውዱ አድርገው ተመለሱ፣ እግራቸው ይንጠባጠባል። ልጁ ሊይዛቸው እጁን ዘረጋ።

«ተው» አሉት።

ገቡ። አንድ እርምጃ። ሁለተኛ። የእግራቸው ፋና ወለሉ ላይ ጠቆር ብሎ ይቀርና ሸክላው ሲጠጣው ይጠፋል። የወደቁበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። አውቀው ነው፣ እኔን ለማሰቃየት። ተረከዛቸውን አሽከርከር አደረጉ። እግራቸው ንቅንቅ አላለም። መስገጃቸው ላይ ደረሱ፣ አነጠፉ፣ ፊታቸውን አዞሩና፦

«አይሱዙውን በባዶ እንዳትመልሰው» አሉት ልጃቸውን። «ጋቢዎቹን ወንዝ ወስደህ አሳጥብ። የሰው ናቸው።»

ልጁ ጉልበቱ ላይ ወርዶ ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰ። ረጅም ሰው ሲንበረከክ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ ቀና ብሎ «አሁን ምን ትቀባዋለህ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩ።

ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው፣ እመኑኝ። ዘንድሮም አረፋ ሲደርስ በዚያ በር ሳልፍ እጄ አሳከከኝ። ትንሽ ሰም ብቻ፣ ትንሽ ለወግ። እትዬ በሩ ላይ ተቀምጠው ሰላም የሚላቸውን ይቆጥራሉ፤ እጄን ኪሴ ውስጥ ሲያዩት ያውቁብኛል፤ «ሂድ ተንቀሳቀስ!» ይሉኛል።

አሁንም አላመናችሁም አይደል? ጥሩ። ሸማ ተራ ሂዱ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የረሱትን ሽማግሌ ጋቢያቸው ስንት ጊዜ ታጥቦ ጨው እንደለቀቀ ጠይቋቸው። ባሏ ሲነቃ ጋቢውን ያጣባትን ሴትዮ ጠይቁ፣ እሷ ስትነግራችሁ ትጮሃለች። የአይሱዙውን ሾፌር ጠይቁ፤ የቤት እቃ ሊጭን መጥቶ የእርጥብ ጋቢ ክምር ጭኖ የሄደ እሱ ብቻ ነው። ካልበቃችሁ የእትዬን በር አንኳኩ። ጫማችሁን አውልቁ፣ እግራችሁን በደንብ አርጥቡና ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ተራመዱበት።

ከወደቃችሁ ያኔ ውሸታም በሉኝ።